ለፉጨት የሚከፈል ገንዘብ

የመኪና ገበያችን ድምፅ መግዛት ይወዳል። ትናንት የማርሚታ ጩኸት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ «ፕሽሽ» የሚለው ተጨምሯል። ድምፁን የሚያሰማው «ብሎው ኦፍ ቫልቭ» የተባለው ዕቃ ነው። ለጌጥ ከሆነ ማንም በገንዘቡ ያሻውን ይግዛ። «ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ ዋጋ ሲጠየቅበት ግን ነገሩ መመርመር አለበት ባይ ነኝ።

ቱርቦ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንድ ተርባይን ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው መጭመቂያ ደግሞ አየር እየሳበ ወደ ሞተሩ በኃይል ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። በቤንዚን መኪና ላይ ነጂው ማርሽ ለመቀየር እግሩን ሲያነሳ የአየር ማስገቢያው በር ይዘጋል፤ ቱርቦው ግን ባንዴ አይቆምም። የተጨመቀው አየር መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ መጭመቂያውን ይመታል፤ ዘንጉን ያዘገያል፤ ሲደጋገምም ቱርቦውን ሊጎዳ ይችላል።

ቫልቩ የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው። በሩ ሲዘጋ በሞተሩ በኩል የሚፈጠረው የመምጠጥ ኃይል በቀጭን ጎማ ተሻግሮ የቫልቩን ሞላ ያሸንፋል፤ ቫልቩ ተከፍቶ የታፈነው አየር ይወጣል። ነጂው እንደገና ሲረግጥ ይዘጋል። እዚህ ውስጥ የተጨመረው ጉልበት የቱ ነው? የቱርቦውን ግፊት ልክ የሚወስነው «ዌስትጌት» የሚባለው ሌላ ቫልቭ ነው፤ ሥራውም በጭሱ በኩል ነው።

ለነገሩ ከፋብሪካ ቱርቦ ይዘው የወጡ ብዙ የቤንዚን መኪኖች ይህ ቫልቭ አላቸው። ጎልቶ የማይሰማው አየሩን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ መጭመቂያው መግቢያ ስለሚመልሰው ነው። ፋብሪካው ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚገባውን አየር መጠን በሚለካ ሴንሰር የሚሠራ መኪና፣ የተለካው አየር ሁሉ ሞተር ደረሰ ብሎ ቤንዚን ያዛል። አየሩ መንገድ ላይ ከተለቀቀ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ አንዳንዴም ሞተሩ ይጠፋል። ግፊት ብቻ በሚለኩት ላይ ጉዳቱ ያንሳል።

የናፍጣ መኪና ባለቤት ደግሞ ከነአካቴው አያስፈልገውም። የናፍጣ ሞተር ጉልበት የሚወሰነው በሚረጨው ነዳጅ መጠን እንጂ የአየር በር በመዝጋት አይደለም፤ እግር ሲነሳ የሚታፈን አየር የለም። (የከባድ መኪናዎች «ፕሽሽታ» የፍሬን አየር ነው፤ ከዚህ ጋር አይገናኝም።)

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ፣ መለዋወጫ መፈለጉም አይቀርም። የፋብሪካው ቫልቭ ሲያረጅ ውስጡ ይቀደዳል፤ ግፊት ያፈስና መኪናው ይደክማል። ያን የሚተካ ዕቃ አምጥቶ ያተረፈ ነጋዴ ይገባዋል። የሚያፏጭ መኪና ይዞ ለመጣ ደላላ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የተወለቀው ቫልቭ የት እንዳለ ይሁን። ከሌለ የመተኪያው ዋጋ ከመኪናው ላይ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም።