የቀፊራው ልጅ በየገጹ ሌላ ሰው እንዳይሆን

በቪዲዮ ጨዋታ የተወለደ ገጸ ባሕርይ ከተወደደ በጨዋታው ውስጥ ብቻ አይቀርም። ተከታይ ክፍል ይሠራለታል፤ ኮሚክም ይሣልለታል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስሙና ልብሱ እንደነበረ ሆኖ ጠባዩ ግን ተጫዋቹ የማያውቀው ሊሆን ይችላል። በአገራችን የጨዋታም ሆነ የኮሚክ ሥራ ገና ጅምር ስለሆነ፣ ጉዳዩን ሳይረፍድ ማንሣት ይገባል እንላለን።

በእኛ እምነት ዋናው ነገር መልክ አይደለም። ዛሬ ማሪዮ የምንለው ገጸ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1981 "ዶንኪ ኮንግ" በተባለው ጨዋታ ሲቀርብ አናጢ ነበር፤ በ1983 የቧንቧ ሠራተኛ ሆነ። ሪዙና ቆቡም የመጡት በጥቂት ነጥቦች አፍና ፀጉር መሣል ስላስቸገረ ነው። ሙያው ቢለወጥም ተጫዋቹ አልተደናገረም፤ ማሪዮን ማሪዮ የሚያሰኘው ዝላዩ ነውና። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1991 የተፈጠረው ሶኒክ ከሁለት ዓመት በኋላ በብሪታንያ መታተም በጀመረው ኮሚክ ጓደኞቹን የሚያንጓጥጥ ትዕቢተኛ ሆኖ ቀረበ። መልኩ ያው ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ሆነ።

የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጨዋታ ውስጥ ገጸ ባሕርዩን የሚጠብቀው ፕሮግራሙ ነው። ፍጥነቱና የዝላዩ ከፍታ በቁጥር የተወሰኑ ስለሆኑ ከዚያ ማለፍ አይችልም። ኮሚክ ግን እንዲህ ያለ ዘበኛ የለውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ በቁጥር የሚጠብቀውን በቃል የሚጠብቅ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ገጸ ባሕርዩ ፈጽሞ የማያደርገው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈራና እንዴት እንደሚናገር የሚገልጽ።

የንግግሩ ነገር በተለይ ለእኛ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለንባብ የበቃው የብሥራት ደበበ ኮሚክ "ጀምበር" በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቀርቧል። እንዲህ ባለ ሥራ እንግሊዝኛው "ዩ" ብሎ የሚያልፈውን አማርኛው "አንተ" ወይስ "እርስዎ" ብሎ እንዲመርጥ ይገደዳል። ምርጫው ከክፍል ወደ ክፍል ከተለዋወጠ ጨዋው ባለጌ፣ ባለጌውም ጨዋ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል፣ በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ በሻጮች መካከል እየተሽሎከለከ ዕቃ የሚያደርስ ልጅን ጀግና ያደረገ ጨዋታ እናስብ። ልጁ አንዷን ሻጭ በኦሮምኛ፣ ሌላውን በሶማሊኛ፣ ሦስተኛውን በአማርኛ ያነጋግራል። ታላቁን "አንተ" ይላል፤ ይህም በድሬዳዋ የቅርበት እንጂ የንቀት ምልክት አይደለም። ይህ ካልተመዘገበ ግን ኮሚኩን ሌላ ከተማ ሆኖ የሚጽፍ ሰው "ስሕተቱን" አርሞ "እርስዎ" ያሰኘዋል። ያን ጊዜ ከልጁ የሚተርፈው ሥዕሉ ብቻ ነው።

ፍርሃቱም እንዲሁ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ይሁን እንጂ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በደጋው የጣለው ዝናብ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ወርዶ በከተማዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከዚህ ታሪክ ጋር ያደገ ልጅ ደጋው ሲጠቁር ከአሸዋው ይወጣል። ተከታዩ ክፍል በክረምት ሌሊት በወንዙ ውስጥ ያለ ሥጋት ቢያስሮጠው፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር የቀፊራ ተጫዋች "ይህ የእኛ ልጅ አይደለም" ማለቱ አይቀርም።

እንዲህ ያለው መዝገብ የደራሲውን እጅ ያስራል የሚሉ አሉ። እኛ ግን አንስማማም። መዝገቡ ለውጥን አይከለክልም፤ ምክንያት የሌለውን ለውጥ እንጂ። ልጁ አድጎ "እርስዎ" ማለት ቢጀምር፣ ምን እንደለወጠው ታሪኩ ራሱ ማሳየት አለበት።

በመሆኑም ጨዋታ ለመሥራት የሚነሡ ተማሪዎች ከሥዕሉና ከፕሮግራሙ በፊት፣ የቋንቋና የሥነ ጥበብ ተማሪዎችን አስተባብረው ይህን መዝገብ እንዲጽፉ እንመክራለን። ሁለት ገጽ ይበቃል። የአካባቢውን አነጋገርና ትዝታ የሚያውቅ ሰው ሳያነበው ግን ሥራው ባይጀመር ይሻላል።