የነፍሳት ሊቅ በሹመት ወንበር

በአዲስ አበባ ጎሮ የምንኖር ሰዎች አውሮፕላን በራሳችን ላይ ሲያልፍ ቀና ብሎ ማየትን ከተውን ቆይተናል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በገና ሰሞን፣ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሞተሩንና መስተዋቱን የአንበጣ መንጋ መትቶበት፣ በድሬዳዋ ማረፍ ስለ ተሳነው ቦሌ መጥቶ በደኅና ባረፈ ጊዜ፣ የገበሬ ብቻ ይመስለን የነበረው መቅሠፍት ለእኛም ሰማይ ባዕድ እንዳልሆነ ታየ። ያን ሰሞን ስለ ነፍሳት የተማረ ሁሉ ይፈለግ ነበር፤ መንጋው ሲያልፍ ፈላጊውም አብሮ አለፈ።

ይህ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የነፍሳት ሊቅ ዋናውን ሥራ የሚሠራው መንጋ በሌለበት ዘመን ነውና። ለምሳሌ የነፍሳት ሊቁ ዶክተር ጸደቀ አባተ እ.ኤ.አ. በ1990 በካናዳ ሲሞን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ማዕርግ ያቀረቡት ድርሳን የሚናገረው፣ በአገራችን የቦሎቄን ቡቃያ ስለምትፈጅ አንዲት ደቂቅ ዝንብ ነው። ዝንቢቱ እንቁላሏን በለጋው ቅጠል ትጥላለች፤ እጩ በግንዱ ውስጥ ለውስጥ ቦርቡሮ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ቡቃያው ሲገረጣ ገበሬው ዝናቡን ያማል። ነቅሎ ያበጠውን የግንዱን እግር በጥፍሩ ቢሰነጥቀው ግን፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሙሽሬ ተሸጉጣ ያገኛታል። እኚሁ ሊቅ ኋላ የአገሪቱን የግብርና ምርምር በዋና ዳይሬክተርነት መሩ፤ ከዚያም የበቆሎ ምርታችን በሄክታር ከ16 ኩንታል ገደማ ተነሥቶ ከ30 በላይ የደረሰበትን ምክንያት ከባልደረቦቻቸው ጋር መርምረው ጻፉ።

ሊቅን መሾም ጥበብን ማደኽየት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ግንዱን ሰንጥቆ ያየ ሰው፣ ለፀረ ተባይ ግዢ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት፣ የትኛው ትል በየትኛው ዕድሜው እንደሚሞት ይጠይቃል፤ ያላየው የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው፤ እሱንም ከጠየቀ። የሚያሳስበኝ ሊቁ ወደ ወንበሩ ሲወጣ ማይክሮስኮፑ ያለ ወራሽ እንዳይቀር ነው።

ጊዜውም አይታገሥም። በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የእስያ ትንኝ፣ ረግረግ ሳትሻ በከተማ ግቢ በበርሜልና በሮቶ ውኃ ትራባለች፤ በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። በጎሮ ሮቶ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው፤ እኛን ለጊዜው ደጋነታችን ይጠብቀናል፤ አዋሽ ሰባትና ድሬዳዋ ግን ይህ ጠባቂ የላቸውም። ስለዚህ የጤናና የግብርና ሚኒስቴሮች የነፍሳት ባለሙያን ለአደጋ ጊዜ በሚፈስ ገንዘብ ሳይሆን በመደበኛ በጀትና በቋሚ መደብ ይቅጠሩ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ለሹመት ሲታጭ፣ ቤተ ሙከራውን የሚረከብ ሰው ሳይመደብ የሹመቱ ደብዳቤ አይፈረም።