መጀመሪያ ፍሬኑ፣ ኋላ ፍጥነቱ



ባለፈው ወር ወደ ወፍጮ ቤቱ በሚወርደው የኮብልስቶን ቁልቁለት ላይ አንዲት ሁለት በር ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ፍሬኗ አልይዝ ብሎ የወፍጮ ቤቱን የቆርቆሮ አጥር ጥሳ እንደቆመች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሰው ሕይወት አልጠፋም። ነገር ግን ከሩብ ሰዓት በፊት እዚያው ቦታ ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ነበር። ይህን እያወቅን ዝም ማለት ስለማይገባን ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማውጣት ግድ ሆነብን።

ባለ መኪናው የሰፈራችን ልጅ ነው። ስንት ጊዜ የጣለው እቁብ ሲደርሰው ያቺን አሮጌ የስፖርት መኪና በደላላ አማካይነት ገዛት። በተረፈችው ገንዘብ ድምጿ እንዲጎላ ማርሚታዋን አስለወጠ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አስገባ፣ ቀለም አስቀባ። ፍሬኑን ግን ማንም አልከፈተውም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከአደጋው በኋላ በተደረገው ስብሰባ ሁለት ዓይነት ሐሳብ ተሰማ። አንዳንድ አባቶች «የዱርዬ መኪና ነው፣ ከሰፈር ይውጣልን» አሉ። ወጣቶቹ በበኩላቸው «ይሄ ቅናት ነው» ብለው ተቆጡ። እኛ በሁለቱም አንስማማም። መኪና መውደድ ዱርዬነት አይደለም፤ ላቡን አጠራቅሞ የገዛ ልጅ ሊከበር ይገባዋል። ሌላው ሰው በገዛ መንገዱ ያለ ስጋት ይሂድ ማለትም ቅናት አይደለም።

ወጣቶች ሆይ፣ በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። አሮጌ የስፖርት መኪና ርካሽ የሚመስለው በሚገዛበት ቀን ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ መጣሉ ይታወሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ የምታገኟት ሴሊካ ዱሮ የገባች፣ በብዙ ሰው እጅ ያለፈች ናት። ፋብሪካውም ሴሊካን መሥራት ከጀመረ ከ1970 እ.ኤ.አ. አንስቶ እስከ 2006 ድረስ ከሠራ በኋላ አቁሟል። አንዳንዶቹ የዱሮ ሴሊካዎች ከሂሉክስ ጋር አንድ ዓይነት ሞተር ስላላቸው የሞተር ዕቃ ሱማሌ ተራ ተፈልጎ አይጠፋም ይሆናል። መስታወቷ፣ መብራቷና በሯ ቢሰበር ግን ያኔ ነው ጉዱ። በእኛ አስተያየት 100 ብር ያለው ሰው የ70 ብር መኪና ይግዛ፤ 30ው ለጋራዥ ይቀመጥ። ሙሉውን ከፍሎ ባዶ ኪስ የሚወጣ ሰው መኪና ሳይሆን ዕዳ ነው የገዛው።

ስለ ሴሊካ ሲነሳ ጎረምሶቻችን የሚያወሩት ስለ ራሊ ነው። እውነት ነው፣ በጎረቤታችን በኬንያ የሚደረገውን የሳፋሪ ራሊ በ1984፣ በ1985 እና በ1986 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ያሸነፈችው ሴሊካ ናት። ይሁን እንጂ በዚያ አቧራና ጭቃ ውስጥ ያሸነፈችው በፍጥነት ብቻ አልነበረም። መካኒክና መለዋወጫ የጫኑ መኪኖች ይከተሏት ነበር፤ በየማረፊያው ጎማዋና ፍሬኗ ይታይ ነበር። እኛ ታሪኩን ስናወራ ሹፌሩን ብቻ እናነሳለን፤ ቁልፍ ይዞ ከሥሯ የተኛውን ሰው እንረሳዋለን።

የሰፈራችን መካኒክ ያቺን መኪና ሲፈታት የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ለብረት ይፋጭ ነበር፤ የፍሬን ዘይቱም ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ብዙ ሲቆይ ውሃ ያዝላል፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ውሃው ወደ እንፋሎት ይለወጥና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል እንጂ አይዝም። ይህ እንዳይሆን በየ2 ዓመቱ ይለወጣል። ወጪው ለማርሚታው ከወጣው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። እንግዲህ ጥፋቱ የመኪናዋ አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተሳሳተው።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ የሚከተለውን ልብ በሉ። መኪናውን ስታዩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት ይበላል ማለት ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስጠጉ፤ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ከጎማው ጎን ያሉትን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች አንብቡ፤ 2315 ቢል በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ ደርቆ መንገድ አይዝም። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይሁን እንጂ በደላላ ቃል አይሁን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ቀጭን በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል እዚህ ያጣል። ካርቡራተሩ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ደግሞ ነዳጅ ይበላል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ስለዚህ በወረቀት የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት አምናችሁ አትኩራሩ። እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ የነበሩት ሴሊካዎች በኋላ ጎማ የሚገፉ ናቸው፤ በክረምት በረጠበ ድንጋይ ላይ ነዳጅ ሲበዛባቸው ኋላቸው ይከዳል። ለጀማሪ ይህ ቀልድ አይደለም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር፣ ማለትም ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚሄደው ርቀት 4 እጥፍ እንደሚሆን ስንቱ ጎረምሳ ያውቃል? ኳስ ተከትሎ የሚሮጥ ሕፃን ደግሞ ይህን አያውቅም፣ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም።

በመሆኑም የማኅበራችን አቋም የሚከተለው ነው። መኪናዋ ከሰፈር ትውጣ የሚለውን አንደግፍም። ነገር ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሞተር እያስጮኹ ሕመምተኛና አራስ መቀስቀስ ይቅር። ቁልቁለቱ ላይ ከሰው እርምጃ ብዙም ያልፈጠነ ጉዞ ይሁን። የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና በሰፈራችን አይነዳ፤ ይህ የማኅበሩ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። በጋራዥ የምትሠሩ ነዋሪዎችም በወር አንድ እሁድ ጠዋት የሰፈሩን መኪኖች ፍሬን በማየት እንድትተባበሩን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ልጁ እንደሆነ አጥሩን በገዛ እጁ ጠግኗል፤ ባለ ወፍጮዋንም ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠይቋል። መኪናዋ አሁን በድንጋይ ተደግፋ ጎማዋ ወልቆ ቆማለች፤ እሱም ከሥራ ሲመለስ ከመካኒኩ ጎን ተቀምጦ ሸራ ሲቀይር ይመሻል። ቀድሞ ድምጿን ሰምተው ይሰበሰቡ የነበሩት ልጆች ዛሬ ቁልፍ ያቀብሉታል፤ «ይሄ ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁታል። መኪና መውደድ ማለት ለእኛ ይህ ነው። በዚህ መንገድ የሚወድ ሁሉ ሰፈሩ ሰፈሩ ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት