መሠረቱን ማን ያግዝ?

በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የ20/80 ቤት ምዝገባ ሲደረግ ደንቡ ግልጽ ነበር፤ ቤት ፈላጊው ከዋጋው 20 በመቶ በየወሩ ይቆጥባል፤ 80ውን ባንክ ያበድረዋል። ነገር ግን ደመወዙን የቤት ኪራይ የሚበላበት ወጣት ያችን 20 ከየት ያምጣት? ብድሩ የሚደርሰው አስቀድሞ ለያዘ ሰው ነው። ምዝገባውም ለከተማው ነዋሪ እንጂ ለሞላሌ ወጣት አልነበረም።

በመንዝ ቤት ሠሪ ድንጋዩን ብቻውን አይሸከምም፤ ጎረቤት በደቦ ይወጣለታል፤ ለገንዘቡም ዕቁብ አለ። እርዳታው የሚደርሰው መሠረቱ ሲጣል ነው እንጂ ግድግዳው ከቆመ በኋላ አይደለም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ለመጀመሪያ ቤቱ 10 በመቶ ለቆጠበ ወጣት መንግሥት ሌላውን 10 ይጨምርለት፤ ቤቱ ሲሸጥም ይመለስ። ሞላሌን የመሳሰሉ ትንንሽ ከተሞችም አይረሱ። ነገ ተመርቀን ስንወጣ የሚጠብቀን ጥያቄ ነውና፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬውኑ እንወያይበት።