ሰንበትና ነፍስ

የሰቆጣና የዋግ ደጋ ምእመናን በቅዳሜ ሞፈር አያነሡም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ከወሰነ ወዲህ ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ይዛ ኖራለች። ስለዚህ ስለ ቤተ እስራኤል ሰንበት ስንጽፍ፥ ውድ አንባብያን ሆይ፥ የሩቅ ወሬ ማምጣታችን አይደለም። በጸሎታቸው ውስጥ የሚሰማው የአገው ቃል እንኳ ለዋግ ኽምጠኛ ዘመድ ነው።

ቤተ እስራኤል ታልሙድን አያውቁም ነበር፤ «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል መጽሐፍ ነበራቸው፥ በዚያችም ዕለት እሳት አያነዱም። ይህ ሕዝብ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፥ ዓርብና ቅዳሜ፥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጫነ። በ36 ሰዓት ያህል 14,300 የሚሆን ሰው ተሻገረ። በሰንበት የማይበረው የእስራኤል አየር መንገድም በዚያች ሰንበት በረረ። ሕጉ ተሻረን? አልተሻረም። የአይሁድ ሊቃውንት ከዘሌዋውያን 18፥5 ተነሥተው፥ ሕግ ሰው ይኖርበት ዘንድ ስለ ተሰጠ፥ ነፍስን ማዳን ሰንበትን ይቀድማል፥ አደጋው አጠራጣሪ ቢሆንም እንኳ፥ ብለው ወስነዋል። በዘመናችን ይሽዓያሁ ሌይቦቪች ትእዛዝ የሚፈጸመው አምላክ ስላዘዘው ብቻ ነው ሲል፥ ኤሊዔዘር ቤርኮቪትስ ግን የሕጉ ዓላማ ራሱ በጎነት ነው ይላል። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን።

የከበደው ግን ሌላ ነው። ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1965 ዓ.ም. ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈርደው ነበር። ሆኖም በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል የገቡት፥ ለጋብቻ ጥርጥር እንዳይኖር፥ እንደ አዲስ አማኝ በውኃ እንዲነከሩ ተጠየቁ። ስለ እምነታቸው መከራ የተቀበሉ ሽማግሎች ይህን እንዴት ይቀበሉት? በ1978 ዓ.ም. መባቻ በኢየሩሳሌም በረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። የሕጉ ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ጥርጥርን ማራቅ የዳኛ ሥራ ነውና። ነገር ግን የአንዱ ጥንቃቄ ለሌላው ውርደት ሆነ።

የእኛ አባቶች ይህን ቍስል ያውቁታል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቁትን ዳግመኛ ይጠመቁ ባለ ጊዜ፥ የዋግ ጎረቤት ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ሸፈተ፤ ንጉሡም በ1624 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት መለሰ።

በእስራኤል ደም አልፈሰሰም። በ1981 ዓ.ም. ገደማ የናታንያው ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ያለ መነከር እንዲያጋቡ ተፈቀደላቸው። ብዙ ሙሽሮችም በከተማቸው ያለውን ረቢ ትተው ወደ ናታንያ ይሄዱ ነበር።