ቢጫ ሰደርያ እግር አያድንም

ዛሬም ስለ መጋዘን ነው የምጽፈው። ጉዳዩን ደጋግሜ እንደማነሣው አንባቢዎቼ ያውቃሉ፤ የዚህ ሳምንቱ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከሮም ወጣ ብሎ ባለ መጋዘን የምትሠራ እህታችን አንድ ወረቀት አሳየችኝ። የሥራ ባልደረባዋ እግሩ በፎርክሊፍት ጎማ ተጨፍልቆ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ለሠራተኛው ሁሉ የታደለ ነው። «በጥንቃቄ መራመድ እንዳለብኝ ተነግሮኛል» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ። ከወረቀቱ ጋር አዲስ ቢጫ ሰደርያ። ሌላ ምንም የለም።

ፎርክሊፍት ባዶውን እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ቶን ይመዝናል። የሚጠመዘዘው በኋላ ጎማው ስለሆነ፣ ሲታጠፍ ጅራቱ ወደ ጎን ይወረወራል፤ አጠገቡ የቆመውን የሚመታውም በዚያ ነው። ከፊቱ ካርቶን ከተቆለለበት ሹፌሩ የሚያልፍ ሰው አይታየውም። በባትሪ የሚሄደው ደግሞ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። የሚያስፈልገው የብረት አጥር፣ ለእግረኛ ብቻ የተከለለ መተላለፊያና የተለየ በር ነው። ቦታ ይጠበናል የሚሉ አለቆች አንድ ረድፍ መደርደሪያ ያንሡ።

ጣልያን ሕግ አላጣችም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ቶሪኖ ውስጥ በቲሰንክሩፕ ብረት ፋብሪካ ቃጠሎ 7 ሠራተኞች አለቁ፤ በወራት ውስጥ የሥራ ደኅንነት ሕጉ፣ 81/2008፣ ታወጀ። ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው ሠልጥኖ ፓተንቲኖ የሚባለውን ፈቃድ ይይዛል፤ በየ5 ዓመቱም ያድሳል። አንቀጽ 37 ደግሞ ስደተኛ ሠራተኛ ከመሠልጠኑ በፊት የሚሠለጥንበትን ቋንቋ መረዳቱ ይረጋገጥ ይላል። እህታችን ጣልያንኛ የምትችለው ለገበያ ያህል ነው። ይገባሻል ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ፈርሚ አሏት፣ ፈረመች። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ያ ፊርማ በእርሷ ላይ ይወጣል ብዬ እሰጋለሁ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን በጨዋታችን መካከል የነገረችኝ ነው፤ የተጎዳውን ልጅ አለቆቹ «ቤት ወድቄ ነው በል» ብለውት ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአዲስ መጪዎች ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ስለ ሶጆርኖ፣ እንደምናስረዳቸው ይህንንም እናስረዳቸው። ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ በሥራ ላይ እንደተጎዳችሁ ተናገሩ፤ ሐኪሙ የሚጽፈው ምስክር ወረቀት ለሥራ አደጋ መድን ድርጅቱ፣ ለኢናይል፣ ይላካል። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ኮንትራት ባይኖረው፣ አሠሪውም መዋጮ ባይከፍልለት፣ የኢናይል መብቱ አይቀርበትም።