ትምህርት የምርት ኃይል ነው!

የአንድ ኅብረተሰብ ሀብት በመጋዘኑ ውስጥ ባለው እህልና በፋብሪካው ውስጥ በቆመው መኪና ብቻ አይለካም። መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው እጅ፣ እጁንም የሚመራው አእምሮ ከሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው። የሕዝብ ትምህርትን ከኢኮኖሚ ነጥለን ልናየው የማንችለውም ስለዚህ ነው።

ፊደል የቆጠረ ገበሬ ሚዛኑን ራሱ ያነባል፤ በነጋዴው አይታለልም። የአደጋ ማስጠንቀቂያን የሚያነብ ሠራተኛ የራሱንም የጓደኛውንም አካል ያድናል። የመድኃኒቱን መጠን የምታነብ እናት ልጅዋን ከሞት ታተርፋለች። ጥቅሙ ከተማሪው አልፎ ለጎረቤቱ፣ ለመሥሪያ ቤቱና ለሀገሩ ይተርፋል። ባንክ ቤትን እንጂ የድሀ ልጅን አእምሮ በመያዣነት አይቀበልም። ስለሆነም ትምህርት ለገበያ ብቻ ቢተው የሚማረው ባለገንዘቡ፣ የሚጎዳው ግን መላው ኅብረተሰብ ይሆናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል።

ይሁን እንጂ «ነጻ ትምህርት» ማለት ወጪ የሌለው ትምህርት ማለት አይደለም። የመምህሩ ደመወዝ ከሠራተኛው ግብር ይወጣል። ልጁን ከእረኝነት አውጥቶ ትምህርት ቤት የሚልክ ገበሬም ጉልበት ይከፍላል። በዚህ ሁሉ ላብ የተገዛ መጽሐፍ በመጋዘን ተቆልፎ አቧራ ሲጠጣ፣ የባከነው የሕዝብ ጉልበት ነው።

ያለፈው ተሞክሮ ትምህርት ሊሆነን ይገባል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የኋላ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ በዩኔስኮ በኩልም ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ዳሩ ግን ከተማሩት ብዙዎቹ የሚያነቡት በማጣታቸው የቆጠሩትን ፊደል መልሰው ረሱ። ታርሶ ዘር ያልተዘራበት መሬት አረም እንደሚያበቅል ሁሉ፣ ክትትል ያልተደረገለት ትምህርትም ወደ መሃይምነት ይመለሳል።

እንግዲህ የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች በወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይገባናል። መጽሐፉ በልጆቹ እጅ ገብቷልን? በመስከረም የተመዘገቡት ልጃገረዶች በሰኔም በክፍል ውስጥ አሉን? ቀን የሚሠራው ጎልማሳ ማታ የሚማርበት ክፍልና የሚያነብበት ቤት ተከፍቷልን? መልስ እስኪገኝ ድረስም መጠየቃችንን አናቋርጥ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ብሂል የሚፈጸመው ከፋዩ ሕዝብ ተቆጣጣሪም ሲሆን ነው።